ከሣጥኑ የራቀች ወንበር

እንቅልፍ እምቢ ካለ እምቢ ነው። መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቷል፣ ስልኩን ትራሱ ሥር ከቶታል፣ በቀኝ ጎኑ ሞክሮ በግራው ሞክሮ አሁን በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ዕቃ ይጎትታሉ፣ ከታች የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይንገጫገጫል፣ እሱ ግን ከዚህ ሁሉ መሐል የሚያዳምጠው አንድ ድምፅ ነው፣ የወንበር እግር ወለል ላይ ሲንሸራተት፤ ያ ደግሞ እዚህ ቤት የለም፣ ካለም ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ያቺ ወጣት እናት ወንበሯን ወደ ልጇ ሣጥን ስባት ይሆን? ወይስ አሁንም መስኮቱ ዳር እንደተቀመጠች ናት? ጌታ ሆይ፣ አንተ ታያታለህ፣ እኔ እዚህ ተጋድሜያለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚገባ ሰው ከሰዓት በኋላ ካልተኛ በማግስቱ መወልወያውን ተደግፎ እንደሚያንቀላፋ ያውቀዋል፣ ደርሶበታልም፤ ተኛ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ይላል ራሱን፣ ምን ቤት ነህ? ልጁ የሷ፣ ደረቱ የሷ፣ ሥራው የዶክተሮቹ፣ ያንተ ወለሉ ነው። እንዲህ ይላል እንጂ ሆዱ አይሰማውም። እንቅልፍ የነሣው ነገር ሐሳብ ብቻ ቢሆን ያውቀዋል፣ ሐሳብ የድሮ ወዳጁ ነው፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው፣ እንደ ሠርግ ዋዜማ ያለ ነገር፣ ኩራት ነው ማለት ያሳፍረው እንደሆነ እንጂ ኩራት ነው።

የሚያጸዳው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ክፍል ነው። ሌላው የጽዳት ሠራተኛ ያንን ክፍል ይሸሸዋል፤ አንዱ ባልደረባው እንዲያውም እዚያ ከመግባት ሬሳ ቤት ማጽዳት ይሻላል፣ ሬሳ ቢያንስ አይነቃብህም እያለ ይቀልድበታል። እሱ ግን ለምኖ ነው የገባው። በገባ ሰሞን ኃላፊዋ ነርስ እጅጌውን ይዛ ወደ አንዱ ማሞቂያ ሣጥን አስጠጋችው፣ ቋንቋቸውን ያኔ ከሰላምታ በላይ አያውቅም ነበር፣ ወደ ጆሮዋ ጠቆመች፣ ወደ ዐይኗ ጠቆመች፣ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ቆዳዋ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አንዲት ፍጥረት አሳየችው፤ ወዲያው ከኋላቸው የቆሻሻ መጣያው ክዳን ዷ ብሎ ተዘጋ፣ ያቺ ፍጥረትም ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ጣቶቿን በተነች፣ በላይዋ ያለው ማሽን ጮኸ፣ የትንፋሿ ቁጥር ቁልቁል ወረደ። ክዳን ነው ይኼን ያደረገው። ክዳን! ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳኑን በእጁ ደግፎ፣ የሞተ ሰው ዐይን እንደሚከደን ቀስ አድርጎ ይከድነዋል፣ አይ፣ ሞት ምን አመጣው፣ የተኛ ሰው እንደሚሸፈን ነው። የጋሪውን ጎማ ዘይት ያጠጣል። ያረጀ የሱፍ ካፖርቱን ቆራርጦ የወንበሮቹን እግር ሁሉ ካልሲ አልብሷቸዋል፣ ማንም ሳያዘው። ነርሶቹ ድመት ብለው ስም አወጡለት፤ እዚያ ቤት ድመት መባል ስድብ አይደለም፣ ሹመት ነው። አገር ቤት ላለችው ሚስቱ ደውሎ ድመት አድርገው ሾሙኝ ቢላት፣ «ድሮስ የወተቱን ስልባቦት የሚልሰው ማን ሆነና» አለችው። በስልክ እንኳ አትምረውም።

ወደ ወጣቷ እናት ይመለሳል፤ ሐሳቡ የትም ቢሄድ ተመልሶ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ወለሉን እያረጠበ ሳለ ነው የገዛ ቋንቋውን የሰማው፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ሰምቶት አያውቅም፣ መወልወያው እጁ ላይ ቀረ። ዶክተሯ አንዲት ወጣት እናት ፊት ተንበርክካለች፣ ስልኩ በእናቲቱ ጉልበት ላይ ነው፣ ዶክተሯ በቋንቋዋ ትናገርና የት እንዳለች የማትታወቅ አስተርጓሚ ከስልኩ ውስጥ በኛ ቋንቋ ትመልሰዋለች። የልጅሽ ዘረመል ከአንቺና ከአባቱ የመጣ ነው፣ እሱ አይለወጥም፣ ትላለች፤ ነገር ግን የትኛው ዘረመል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን የሚወስኑ ትንንሽ ምልክቶች በላዩ ላይ አሉ፤ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ብዙ ስትጨነቅ፣ ልጁም ከተወለደ በኋላ በመርፌው፣ በጩኸቱ፣ ከእናቱ በመለየቱ ሲጨነቅ፣ እነዚያ ምልክቶች ሊለወጡ ይችላሉ፤ ምን ያህል እንደሚለወጡ፣ ምን ያህልስ እንደሚቆዩ ገና በደንብ አናውቅም፤ ለማወቅ ነው ከተረከዙ ጠብታ ደም ልንወስድ የምንፈልገው፣ ብትፈቅጂ። ልጅቱ ፈቀደች። ዶክተሯ ስለ ማቀፍም አነሳች፣ ገላው ገላሽን ሲነካ ይረጋጋል፣ ደረትሽ ላይ አድርጊው አለቻት፤ ሰው ግን የሚሰማው የፈራውን ነው፣ የልጅቱ ጆሮ በፊተኛው ነገር ላይ በሩን ዘግቶ ነበር። እሱም ቆሞ ይሰማል፤ የፈሰሰው ውኃ ጫማው ሥር ይሄዳል። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ነው የኖረው፣ እናት ሆዷ ዥንጉርጉር ነው ሲባል፤ ዘር ላይ ምልክት አለ፣ ምልክቱንም ፍርሃት ይነካዋል ያለው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወዲያው ልጁ ትዝ አለችው። የገዛ ልጁ። እናቷ ምን ተሸክማ እንደ ወለደቻት እሱ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሯ መሸሽ ጀመረች። መጀመሪያ ከሣጥኑ ክንድ የማይሞላ ነው የራቀችው፣ በማግስቱ መተላለፊያው ላይ ደረሰች፣ በኋላ መስኮቱ ዳር ገባች፣ እናቲቱም እዚያ ተቀምጣ እጆቿን በብብቶቿ ቀብራ ከሩቅ ታያለች። ነርሶቹ ነይ እቀፊው ሲሏት አንገቷን ትነቀንቃለች። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ለብቻው ይንፈራገጣል፣ እጁን ወደ ላይ ይወረውራል፣ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ያወርደዋል። ይኼን ማየት አንጀት ይበላል። ነርሶቹ በመካከላቸው ሲያወሩ የተረዳው በየቀኑ ክብደቱ ይጨምራል ሲባል መቀነሱን ነው፣ እናቱ ደረቷ ላይ ካላደረገችው እንደማይበረታ ነው። ጌታ ሆይ፣ እኔ የጽዳት ሰው ነኝ፣ አፌን ምን ልክፈት? ሲል ነው የሰነበተው። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ዛሬ ነው እኮ፣ ዓመት የሆነው ይመስለዋል፣ ዛሬ ጠዋት በኮሪደሩ የውኃ ቧንቧ አጠገብ ሲያገኛት፣ እንዴት አደርሽ ልጄ አላት፤ ብርጭቆው ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«ጋሼ፣ የኛ ሰው ነዎት እንዴ?»

የኛ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። ባሏ ሌላ ከተማ እየሠራ ሳምንት በሳምንት ነው የሚመጣው፣ የምታወራው ሰው የላትም፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ቧንቧው ሥር ዘረገፈችው። እናቷ ሞታ ኖሯል። ነፍሰ ጡር ናት ብለው ቤተሰቦቿ ደብቀዋት፣ ስትወልድ ይነገራታል ብለው ተማምለው ነበር፤ አንድ ርቆ ያለ ዘመዷ ግን ሰምታለች ብሎ አስቦ ደወለና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። ማንን? አለችው። የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን በካርቶን መሐል ቆማ። ዘመዷ ደንግጦ ስልኩን ዘጋው፣ እሷ እንደቆመች ቀረች፣ ብዙም ሳይቆይ ምጡ መጣ፣ ያለ ቀኑ። ወይ መርዶ! የሰው ልጅ መርዶ የሚነግረው አጥቶ በማጽናኛ ይረዳል? እሱም ይኼን ሲሰማ የቧንቧውን ጠርዝ ይዞ ነበር። እሺ፣ ይኼስ የእግዜር ሥራ ነው፣ ልጁን ለምን ትሸሺዋለሽ ልጄ? ሲላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው።

«አያቴ ያዘነች ሴት ጡት አትስጥ፣ ሐዘኑ ከወተቱ ጋር ይወርዳል ትል ነበር። የአሮጊት ወሬ ይመስለኝ ነበር፣ ዶክተሯ ደግሞ ያንኑ በሳይንስ ነገረችኝ። በሆዴ ሳለ ያስተላለፍኩበት ይበቃዋል ጋሼ። ሐዘኔ እስኪወጣልኝ ልራቀው። ጉንፋን ቢሆን አፌን እሸፍን ነበር፣ ሐዘን በምን ይሸፈናል?»

አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ሲያስበው እንኳ ልቡ ስንጥቅ ይላል። ከፍቅር ነው የምትሸሸው። ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ሰው ነው ከገዛ ልጇ የምትርቀው፣ ልጇ ደግሞ እሷን አጥቶ ይቀንሳል። እሱ ምን አላት? ያው ያገር ሽማግሌ የሚለውን፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በርቺ፣ ያልፋል። ልጆች ለሽማግሌ እንደሚያደርጉት አንገቷን ሰብራ እሺ አለች፣ ወንበሯ ግን እሺ እንዳላለች ከዐይኗ ታወቀ። ከዚያ ተናደደ፣ በራሱ፤ ስትጸልይ ትውላለህ፣ አንድ ቃል አጣህ? ብሎ የአባቱ የጸሎት መጽሐፍ ትዝ አለው፣ የብራናው። በየገጹ ዳር ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶበታል፣ ቀይም ሰማያዊም፣ አባቱ ሲፈልግ ክሩን ይዞ ይገልጣል፣ ብዙ ጊዜ የተገለጠበት ቦታ ደግሞ መጽሐፉን ጉልበትህ ላይ ስታስቀምጠው በራሱ ይከፈታል። ቃሉ ግን ያው ነው፣ ክሩ ተሰፋ ብሎ አንድ ፊደል አይለወጥም። ዶክተሯ ያለችው ይኼን ነው ልጄ፣ አላት፣ ዘረመል መጽሐፉ ነው፣ ምልክቱ ክሩ ነው፤ ፍርሃት አንድ ገጽ ላይ ክር ይሰፋል፣ ማቀፍ ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ። እንዲህ አድርጎ በመናገሩ ደስ ብሎት ነበር፣ ሞኝ። ልጅቱ አሰበች፣ አሰበችና፣ «እንግዲያው የለቅሶውን ገጽ የሰፋሁት እኔ ነኛ» አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ላጽናና ብሎ ጭራሽ መርፌውን በእጇ አስያዛት።

መርፌውን የያዘው ማነው? ትራሱን ይገለብጠዋል፣ ቀዝቃዛው ጎን ለጉንጩ ደስ ይላል። ያኔ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች እሱን ወስደው አሰሩት፣ በሰው ጥፋት ነው፣ ኋላ ይቅርታ እንኳ ሳይሉት ለቀቁት፤ እሷ ግን እስኪፈታ ድረስ ያንን ሆድ ይዛ ማልዳ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ምሳውን ታቀብላለች፣ የተቀበሉላት ቀን በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ያልተቀበሉላት ቀን መሬቱ ይከዳታል። አንድ ቀን ሳይቀበሏት መለሷት። እዚያው መንገድ ላይ ምጥ ያዛት። የተወለደችው ልጅ ከጫማ አትበልጥም ነበር ይላሉ ያዩ፣ ማሞቂያ ሣጥን የሚባል ነገር በወሬም አልነበረም፣ ሠፈር ውስጥ የምታዋልደው ሴት ልጅቱን ራቁቷን በእናቷ ጡቶች መሐል አስገብታ በነጠላ ጠፍራ አሰረቻትና እስክትወፍር እንዳትፈቺያት አለች። እሱ ሲፈታ ሚስቱ በወባ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቱን ከሷ ደረት ፈትተው እሱ ደረት ላይ አሰሯት። ጢሙ እንዳይወጋት ተላጨ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ፣ ወንድ ልጅ ሕፃን ደረቱ ላይ አስሮ ሲንጎራደድ ማን አይቶ ያውቃል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚሰማው፣ ያቺ ትንፋሽ፣ እንደ ወፍ ትንፋሽ፣ በደረቱ ጸጉር ውስጥ ስትገባና ስትወጣ። እሱም ያኔ ደረቱ ሰላም አልነበረም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይዘላል። ያ የሚዘል ደረት ነው ያሳደጋት። አድጋ ምን ሆነች? አዋላጅ ነርስ። እሱ ግን ገና በልጅነቷ አገር ጥሎ ወጥቶ ስታድግ ማየት ያልታደለ አባት ነው፣ ሀሁ ስትቆጥር በስልክ፣ ስትመረቅ በስልክ፣ ስሟ ሲጠራ እልልታው ጆሮው ላይ ጮኾ የሥራ ቦታው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ከመጥረጊያዎች ጋር ቆሞ አጨብጭቧል። ስለ እስር ቤቱ በር ደግሞ ተናግሯት አያውቅም። ምን ይሠራላታል? ያላወቀችው አይጎዳትም ብሎ። ዶክተሯን የሰማ ዕለት ግን፣ ሳታውቀውም ጎድቷት ይሆን? ሲል ነው ያደረው።

ዛሬ ጠዋት ቧንቧው ሥር ቆሞ፣ ወጣቷ እናት እያየችው፣ ስልኩን አወጣ። ምን ልበላት ሳይል ለልጁ ደወለ።

«አባዬ ቶሎ በል፣ ምጥ ይዣለሁ» አለች። የማያውቃት ሰው ይደነግጣል፣ እሱ ግን ለምዶታል፣ ምጡ የሌላ ሰው ነው፣ እሷ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። በአጭሩ ነገራት። ገና ሳይጨርስ፣ ስጣት አለችው፣ ጓደኛዬን ጠርቻለሁ ትይዝልኛለች፣ ስጣት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ በሁለቱ መሐል ያዘው።

«እህቴ፣ እናቴ እኔን ተሸክማ የከረመችው የእስር ቤት በር ላይ ነው» አለች ልጁ። «አባቴ የማላውቅ ይመስለዋል። በእናት ጭንቀት የተነካ ልጅ ቢፈለግ መጀመሪያ የምገኘው እኔ ነኝ። ምልክቱ አለብኝ ወይ ካልሽ ይኖርብኝ ይሆናል፣ ዛሬም በር ሲጋጭ እደነግጣለሁ። ግን ደረታቸው ላይ ያሳደጉኝ እነዚያው የተጨነቁት ሰዎች ናቸው። ጭንቀታቸው እስኪወጣላቸው አልጠበቁም። ቢጠብቁ ኖሮ እኔ የለሁም።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ማቀፍ ሁሉን ያጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፣ ማንም ገና አያውቅም» ትላለች ልጁ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ እንዲህ ነው ማለት ነው ምጥ ላይ ያሉትን የምታናግራቸው። «አንድ ነገር ግን እነግርሻለሁ። ለሱ ትልቁ ጭንቀት ያንቺ ሐዘን አይደለም፣ ያንቺ መራቅ ነው። ያንቺን ልብ ከነሐዘኑ ነው የሚያውቀው፣ ሌላ ልብ አያውቅም። አሁን ግን ሲያዳምጥ የሚሰማው ማሽን ነው።»

ይኼን ያለችው የሱ ልጅ ናት። ከጫማ የማትበልጠው። አልጋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቃላቱን በአፉ ይደግማቸዋል፣ ሌላ ልብ አያውቅም፣ ሌላ ልብ አያውቅም፣ ጸሎት ነው የሚመስለው። የት ተማረችው? ትምህርት ቤት ነው? ወይስ እዚያ ወንድ ደረት ላይ ታስራ ሳለች? ጌታ ሆይ፣ እንዳልታበይ እርዳኝ፣ ግን ሰጥተኸኝ እንዴት አልኩራ።

ያኔ ነው ኃላፊዋ ነርስ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ያለችው፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የምታለቅስ እናት፣ የሚናገር ስልክ። ልጁም ወዲያው ምጧ ጠርቷት ስልኩን ዘጋች። ነርሷ ለብቻው ወስዳ፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ እያለች እንዲገባው ነገረችው፤ ስለ ሕመምተኛ ጤና የሚያናግር ሐኪም ነው፣ የሚያስተረጉም ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ ነው፣ ሕግ ነው፣ ለአለቃህ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላም ስለ እናቲቱና ስለ ልጇ ልትጠይቀኝ አትችልም፣ እኔም ልነግርህ አልችልም። እሺ አለ። ሕጉ ትክክል ነው፣ ማንም እየተነሣ ቢናገር ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ጋሪውን ይዞ ሄደ፣ ሰዓቱ ደርሶ ልብሱን ቀየረ፣ ሲወጣ ልጅቱ ያው ቧንቧው ሥር ቆማ ወለሉን ታያለች። እንደተወለወለ ነበር። ከዚያ ወዲያ አያውቅም። ገባች? አልገባችም? ወንበሯ የት ናት?

ትራሱ ሥር ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«እህስ?» አለች ልጁ፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። አላውቅም አላት። እንዴት አታውቅም? ልጠይቅ አይፈቀድልኝም። ልጁ ተነፈሰች። ያዋለደቻት ሴት መንታ መገላገሏን፣ ሁለቱም ደኅና መሆናቸውን፣ እሷ ግን ቤት ገብታም ሐሳቧ እዚያ ወንበር ላይ መቅረቱን ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ጥያቄ ከሆዱ ማውጣት አቃተው፣ ዞር ዞር አለ፣ ስለ አየሩ አነሣ፣ ስለ ጉልበቱ አነሣ።

«እናቴ ናት የነገረችኝ» አለችው ራሷ። «ልጅ ሆኜ በር ሲጋጭ ለምን እዘላለሁ ብዬ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። አንተ ስልክ ላይ ደኅና ነኝ ስትል ሌላውን ከሷ ነው የምሰማው። አባዬ፣ አዋላጅ የሆንኩት ለምን መሰለህ? እንደሷ በር ላይ ቆመው ምጥ የሚይዛቸውን ልቀበል ብዬ ነው።»

ከኋላ የሚስቱ ድምፅ መጣ፣ ለማን እንደምትናገር ታውቃለች፤ «ንገሪው፣ ደረቱ ላይ ጡት ስትፈልጊ ያደርሽበትን ሌሊት። ስታጪ ጮኽሽ፣ እሱም አብሮሽ ጮኸ።» ሁለቱም ከዚያ ማዶ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ሲስቅ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«በል ሂድና እይ» አለች ልጁ። ሰዓቴ አይደለም፣ ፈቃድ የለኝም ቢላት፣ «ድመት ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው» አለችው።

ይኸው ካፖርቱን ለብሶ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ጨለማ የሆነው መንገድ በቀን ሌላ መንገድ ይመስላል፣ ዳቦ ቤቱ ሰው አለበት፣ አውቶቡሱ ከትምህርት ቤት በሚወጡ ልጆች ጢም ብሏል፣ እሱ ብረቱን ይዞ ቆሞ በየፌርማታው ሰበብ ይፈልጋል። መነጽሬን ረስቼ ነው ልበል? መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው። ወደ እግዚአብሔር ቤት እየሄዱ ሰው አይዋሽም፤ ሆስፒታል ነው ደግሞ እኮ፣ አሃ፣ እሱ ዛሬ ልዩነቱ ጠፍቶበታል። እንዳመጣጡ ልናገር፣ ቢመልሱኝ እመለሳለሁ። ደረጃውን ወጣ፣ እጁን ታጠበ፣ በሩ ላይ ኃላፊዋ ነርስ ቆማለች። ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ሥራ ልብሱ ስታየው ገባት። እሱም አልጠየቀም፣ ላይጠይቅ እሺ ብሏል፣ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። እሷም አልነገረችውም፣ እሷም ሕግ አለባት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ፣

«መስኮቱ ጋ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ነገር ያለ መሰለኝ» አለችው። «እስቲ እይልኝ።»

ጫማውን መሸፈኛ አልብሶ ገባ። የዕረፍት ሰዓት ነው፣ መብራቱ ደብዝዟል፣ ሣጥኖቹ በጨርቅ ተከልለዋል፣ የማሽኖቹ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። መስኮቱ ጋ ደረሰ። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ነገር የለም። ወንበሯም የለችም። እናቲቱ ሄደች ማለት ነው፣ ሸሽታ ሸሽታ ከበሩ ወጣች ማለት ነው፣ የኔ ምላስ ነው፣ ያ ክር ነው፣ እያለ ቀስ ብሎ ዞረ።

ወንበሯ ሣጥኑን ተጠግታለች፣ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው መወልወያ አያስገባም። ሣጥኑ ባዶ ነው። ልጅቱ ወደ ኋላ ተደግፋ የሆስፒታሉ ልብስ ደረቷ ላይ ተከፍቷል፣ ነጠላ የለም፣ በፎጣ ጠፍረዋታል፣ ከፎጣው አፋፍ አንዲት ትንሽ ኮፍያ ብቅ ብላለች፣ ከኮፍያዋ ሥር ደግሞ አንዲት እጅ፣ ያቺ የምትይዘው ያጣችው እጅ፣ የእናቱን ሥጋ ጨብጣ ተኝታለች። ልጅቱ ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል፣ በአገጯ ዞሮ ኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ለእናቷ ነው የምታለቅሰው፣ እሱ ያውቀዋል፤ ግን አትሸሽም፣ አትሸፍነውም፣ ከንፈሯ እሹሩሩ ይላል። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፣ ሲወርድና ሲጮኽ ግን ያውቃል፤ አልወረደም፣ አልጮኸም። ቀና አለችና አየችው። እጇ ልጁ ላይ ነው፣ ልታነሣው አልቻለችም፣ በዐይኗ ብቻ ጋሼ አለችው።

እጅ ነሥቶ ወጣ። ኃላፊዋ ነርስ ወለሉን ደርቆ አግኝቶት እንደሆነ ጠየቀችው፣ ደረቅ ነው አላት፣ ሁለቱም የተናገሩት ስለ ወለሉ ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ቧንቧው ሥር፣ ስልኩን አወጣ። ገና ሳይጠራ ተነሣ።

«አባዬ?» አለች።

ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ልቅሶ ቀደመው። የሰው አገር ኮሪደር ላይ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ ትከሻው ይናጣል፣ የሚያልፉ ያዩታል፣ ግድ የለውም። ልጁ ከዚያ ማዶ ትሰማዋለች። ሕፃን ሳለች በደረቱ ስትሰማው ኖራለች፣ ዛሬ በስልክ ብትሰማው ምን ይገርማል። ጠበቀችው፣ ገብቷታል፣ ሳቋ ሊመጣ ሲል ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«አታልቅስ እንጂ» አለችው፣ «ይተላለፋል ብለዋል እኮ።»

እንባውን በመዳፉ ጠረገና ቀና ብሎ ቆመ።

«ይተላለፍ» አላት።